የቆጡ ካሴት

ወደ መቱ የሄድኩት አንድ ካሴት ላመጣ ነው። ለካሴት ብሎ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጤነኛ ሰው አለ ወይ ትሉ ይሆናል፤ ባለቤቴም ይህንኑ ጠይቃኛለች፣ ያውም ከዚህ በከረረ ቋንቋ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

ጓደኛዬ ቀልቤሳ ዘፋኝ ነበር። ግጥሙን ራሱ ይጽፋል፣ ዜማውን ራሱ ያወጣል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ይዘፍናል። እኔ ኦርጋን ተጫዋቹ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት ጉሮሮው ላይ እባጭ ወጣበትና ሐኪሞቹ እባጩን ሲያወጡ ድምፁንም አብረው አወጡት። አሁን አንገቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ የሚፈልገውን በደብተር ይጽፋል። እባጩ ተመልሶ መጥቷል፤ ከእንግዲህ የምናደርገው ነገር የለም ብለውናል። ሚስትም ልጅም ስለሌለው እኔ ግቢ፣ ሰርቪሷ ውስጥ ተኝቷል።

አንድ ቀን ጠዋት ሾርባውን ይዤለት ስገባ ደብተሩን አዞረልኝ። «ከመሞቴ በፊት ራሴን አንዴ ልስማ» ይላል።

«ካሴትህ ወጥቶ የለ እንዴ? እሱን ላጫውትልህ» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ማለት አልነበረብኝም። የወጣው የመጀመሪያው ካሴት ነው፤ እሱን ሲቀዳ ሙዚቃ ቤቱ በጊዜው የገነነውን ዘፋኝ ካልመሰልክ አናወጣልህም ብሎት ሰው መስሎ ነው የዘፈነው። ሲዘፈን በሰማ ቁጥር «ይሄ እኔ አይደለሁም» ይል ነበር። የራሱን ድምፅ ያወጣው ሁለተኛው ላይ ነው። ሁለተኛውን ቀድተን ስናስረክብ ደግሞ የካሴት ገበያ ሞተ። ሰው ሁሉ በሲዲና በፍላሽ ማባዛት ጀመረ፤ ሙዚቃ ቤቱ ተዘጋ፤ ባለቤቱ አረፈ፤ ቦታው ጫማ መሸጫ ሆነ። ማስተሩ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

አንድ ቅጂ ብቻ ቀርቷል። ቀልቤሳ ያኔውኑ፣ አባቱ እንዲሰሙት ብሎ፣ ከጎሬ ወዲያ ኡካ ላገባችው እህቱ ለጫልቱ ልኮላት ነበር። ካሴቱ ሳይደርስ አባትየው ሞቱ። እሱም ዘፋኝ ሆኜ እመለሳለሁ ብሎ የወጣበትን አገር ባዶ እጁን ላለማየት ሲል ከዚያ ወዲህ ወደዚያ እግሩን አላነሳም። ጫልቱ ግን በየበዓሉ መደወል አትረሳም፤ «ካሴትህ በክብር ተቀምጦልሃል፣ ሐሳብ አይግባህ» ትለዋለች።

ግጥሙ ደብተሩ ላይ አለ። ዜማውንም ግማሹን አስታውሳለሁ። የጠፋው ድምፁ ነው። እሱን ላመጣ ነው የተነሳሁት።

አንደኛው ቀን፦ ከአዲስ አበባ እስከ በደሌ

ከአውቶቡስ ተራ በጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። ቦርሳዬ ውስጥ ከመርካቶ አሮጌ ዕቃ ተራ ያገኘኋት በባትሪ የምትሠራ ቴፕ፣ አሥር ባትሪ፣ ትንሽ ጠመንጃ መፍቻ፣ ሪባኑ የወጣለት ባዶ የካሴት ቅርፊትና እርሳስ አሉ። ድሮ ካሴት ሲያኝክብን በእርሳስ ነበር የምንመልሰው። ሁሉን አስቤ ነው የወጣሁት፤ ቢበጠስ እቀጥላለሁ፣ ቅርፊቱ ቢሰበር እቀይራለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተዘጋጅቼ አላውቅም።

ጅማ ሳንደርስ አንድ ኬላ ላይ ፍተሻ ነበር። ፈታሹ ወጣት ነው። ቴፗን አወጣና ገለባበጣት።

«ይሄ ምንድነው አባት?»

«ቴፕ ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ካሴት ያጫውታል።»

ወደ ላይ ወደ ታች አየኝ። «ስልክ የለዎትም?»

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ። ሠላሳ ዓመት የበላሁበት ሙያ በአንድ ጥያቄ ተቀበረ።

ጅማ ምሳ በላን፤ ሁለት ሰው ለአንድ ትሪ ካልሆነ አንሸጥም ስላሉኝ ከረዳቱ ጋር ተዳብዬ። ከአጋሮ በኋላ ዝናቡ ያዘን። ሐምሌ ነው፤ ዝናብ መጣ ተብሎ የሚወራበት አገር አይደለም፤ ከሄደ ነው የሚወራው። በደሌ ስንገባ አመሻሽ አሥራ አንዱ አልፎ ነበር። አውቶቡሱ እዚያ ስለሚያድር አልጋ ያዝኩ። አንሶላው እርጥብ ነው። ለልጅቷ ብነግራት «እርጥብ አይደለም ጋሼ፣ ቀዝቃዛ ነው» አለችኝ። እስኪነጋ ልዩነቱን ሳጠና ቆየሁ።

ሁለተኛው ቀን፦ መቱ

ከበደሌ ወደ መቱ ያለው መንገድ ጫካ ለጫካ ነው። ያዩ አካባቢ ቡናው በትልልቅ ዛፍ ሥር ተሸሽጎ ይታያል፤ ከዛፉ ላይ ቀፎ ተንጠልጥሏል፤ ከሁሉም በላይ ጉም አለ። ሹፌሩ ሙዚቃ ከፈተ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጆሮዬ ቆመ።

*«ዝናቡን ተዉላት፣ ለምዳዋለች በልጅነት፣*
*እንባዋን ጥረጉ፣ ደጅ ሳትወጣ ሙሽሪት።»*

የቀልቤሳ ነው። እህቱ ጫልቱ ተድራ ወደ ኡካ ስትሄድ የሠራላት፣ በኋላ የመጀመሪያው ካሴት ላይ የገባ። አሁን የሚዘፍነው ግን እኔ የማላውቀው ወጣት ነው፤ ከበሮውን በኮምፒውተር አፍጥኖታል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ፣ መቱ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ በጭብጨባ ትከተለዋለች።

«ያውቁታል?» አልኳት።

«ዊ! እሱ የሌለበት ሠርግ አለ እንዴ?»

«ማነው የደረሰው?»

«ማን ይደርሰዋል? የጥንት ነው። የአያቶቻችን ነው።»

«የደረሰው ሰው በሕይወት አለ» ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ምን ልትል? «የጥንት ነው» መባል ክብር ይሆናል ለሞተ ሰው። ቀልቤሳ ገና አልሞተም፤ እኔ ግቢ፣ ሰርቪስ ውስጥ ተኝቶ ሾርባ በቱቦ እየወረደለት ነው።

መቱ አራት ሰዓት ላይ ገባን። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ባጃጁ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል ይወርዳል፤ ሰው ሁሉ ጃንጥላ ይዟል ግን ማንም አይቸኩልም። ወሬውን በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱታል። ቀልቤሳ የመጀመሪያ መድረኩን የቆመው እዚህ ነው። ክልሉ አዲስ ነበር፤ በኦሮምኛ የሚዘፍን ልጅ እንደ ልብ ይፈለግ ነበር፤ በየወረዳው የባህል ቡድን ይቋቋም ነበር። እሱም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከቡድኑ ጋር በጭነት መኪና ላይ ቆሞ ከከተማ ከተማ ዞረ። «ያኔ የሚከፈለን አበል ዳቦና ሻይ ነው፤ ግን ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ይሰማን ነበር» ይለኝ ነበር። አዲስ አበባ ገብቶ ከእኔ ጋር በየሆቴሉ ሲዘፍን ሰው ፊቱን ወደ ሥጋው አዙሮ ነበር የሚሰማው።

የመቱ ሰዎች ሶር ፏፏቴን ሳላይ እንዳልሄድ መከሩኝ። ቀልቤሳ ልጅ ሳለ አባቱ እዚያ ወስደው ከውሃው ጋር ድምፁን ያፎካክሩት እንደነበር ይነግረኝ ነበር። ቡና ለጠጣሁበት ሆቴል ባለቤት ይህን ባወራላቸው ሳቁብኝ። «ጋሼ፣ ከዚህ የወጣ ዘፋኝ ሁሉ እንደዚያ ይላል። ውሃው የሚያስተምር ቢሆን እኛም በዘፈንን!» ስመለስ አየዋለሁ ብዬ ወደ ጎሬ ሚኒባስ ያዝኩ።

ጎሬ

ጎሬ ኮረብታ ላይ ናት። የድሮ የአውራጃ ከተማ መሆኗ ከሕንፃዎቹ ያስታውቃል፤ ሰፋፊ በረንዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ትልልቅ የቡና መጋዘን። ጉሙ ከሥር ስለሚወጣ ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ ሲሄድ ይታያል። የቀልቤሳን የትውልድ ቤት ፈልጌ ጎሚስታ ቤት ሆኖ አገኘሁት። ጎረቤቱ ግን አለ፤ ጋሽ ለማ ይባላሉ፣ ጡረተኛ ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው በረንዳቸው ላይ በርጩማ ሰጡኝ።

«የበዳሳ ልጅ!» አሉ። «አባቱ መጋዘን ቡና መዛኝ ነበር። ማታ ሲገባ ክራሩን ይዞ እዚያች ደፍ ላይ ይቀመጣል። ዜማ ያወጣል፤ ቃል የለውም። ሚስቱ ወርቄ፣ የወሎ ሰዎች ልጅ ናት፣ ማድ ቤት ሆና ከግድግዳው ወዲያ ግጥም ትወረውርለታለች። እሱ ይይዘዋል። ልጆቹ መሃል ቤት ቁጭ ብለዋል።»

«ልጆቹስ ምን ይሠራሉ?»

«ዳኞች ናቸዋ! ልጆቹ ከሳቁ ግጥሙ ይጣላል። ዝም ካሉ ገባ ማለት ነው። አንዱንም ወረቀት ላይ አላሰፈሩትም። ወርቄ ሠርግም ለቅሶም አውጪ ነበረች፤ ለሠርግ ያለችውን ለለቅሶ አትደግምም። ከልጆቹ ደግሞ እውነት ልንገርህ፣ ድምፁ የጫልቱ ነበር። ቀልቤሳ ቃል ነበረው፣ ጫልቱ ድምፅ።»

«ትዘፍናለች አሁንም?»

«እናቷ ከሞተች ወዲህ አልሰማንም» አሉ። ከዚያ «እሱስ? ታዋቂ ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሆኗል» አልኳቸው። ደስ አላቸው። «ይበለው! በዳሳ ሳያይ ቀረ እንጂ» አሉ። ከእኔ የወጣው የዚያ ጉዞ የመጀመሪያው ውሸት እሱ ነበር።

ጎሬ አድሬ በማግሥቱ ኡካ የሚሄድ መኪና ስፈልግ እስከ አምስት ሰዓት ቆየሁ። መኪናው ሰውም ዶሮም ማዳበሪያም ይጭናል። ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆነ፤ ቦርሳዬን ግን ሕፃን እንደ ያዘ ሰው ከጉያዬ አላወረድኩም።

ኡካ፦ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ጫልቱ ከወረዳው መሥሪያ ቤቶች ጀርባ፣ በኮባ የተከበበ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ ተድረዋል። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጠን ያለች፣ የወንድሟ ዓይን ያላት ሴት ናት። በሩ ላይ ቆሜ ስሜን ስነግራት እጄን ይዛ ሳመችው።

«ኮቱ፣ ግቡ ጋሼ ታደለ! ስምዎን በስልክ ስሰማ አይደል የኖርኩት! እንዴት ነው ወንድሜ?»

«ደህና አይደለም እትዬ ጫልቱ። የመጣሁትም ለዚያ ነው። ካሴቱን ሊሰማ ይፈልጋል። ድምፁን።»

ፊቷ በራ። እውነቴን ነው፣ በራ። «ይሄው ቀኑ ደረሰ በሉኛ! እኔ ለዚህ ቀን አይደል ያስቀመጥኩት። መጀመሪያ ይብሉ።» የበቆሎ ቂጣ በጎመን አቀረበችልኝ፤ ከጎኑም ማር። እኔ እየበላሁም ቦርሳዬን እያየሁ ነው። ቴፗን አወጣሁ፣ ባትሪ አስገባሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

«ብዙ ጊዜ ሰምተውታል?» አልኳት።

«እኔ? አንድ ቀንም አልሰማሁት።»

«አንድ ቀንም?»

«ደብዳቤው ላይ ደጋግማችሁ አታጫውቱት፣ ያልቃል ብሎ ጽፎ ነበር። አባዬም አለፈ። እኔ ብቻዬን እየሰማሁ ልጨርስበት? ዘር ይበላል እንዴ ጋሼ?»

ተነሳችና ወደ ማድ ቤት ገባች። ተከተልኳት። ምድጃው ላይ እሳት ይጨሳል። ከምድጃው በላይ ቆጡ አለ፤ ከቆጡ ሥር ለዘር የተመረጠ በቆሎ በቅርፊቱ እየተጠላለፈ ተሰቅሏል፣ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ረጅም ዱላ አንስታ ከበቆሎዎቹ መሃል በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ ነገር አወረደች።

በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ።

«እዚህ ነበር?» አልኩ።

«እዚህ ነዋ! የት ላደርገው?» እያለች ቃጫውን ትፈታለች። «እዚህ አገር ሳጥን አይታመንም። የሠርግ ጫማዬን ሳጥን ውስጥ ትቼ በአንድ ክረምት ፀጉር አብቅሎ አገኘሁት። የአባዬ ክራር ቆዳው ሻግቶ ተቀደደ። የመሬት ደብተራችን እንኳ ከዚሁ ነው የሚኖር። ጭስ የሚያገኘው ብቻ ነው የማይሻግተው። በየዓመቱ ኮባውን እቀይርለት ነበር ጋሼ። አንድ ዓመት አልዘለልኩም።»

እዚህ ላይ ልትፈርዱባት የምትሹ ካላችሁ ተዉ። አገሩን ያየ አይፈርድባትም። በዚያ ዝናብ ውስጥ አንድ ነገር ውድ ከሆነ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ እናቷም አያቷም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ካሴት ከበቆሎ የሚለይ መሆኑን የነገራት ሰው የለም። ወንድሟም ሲልክላት ስለ ማለቁ ጻፈ እንጂ ስለ እሳት አልጻፈም።

ኮባው ተፈቶ ካሴቱ ወጣ። ቅርፊቱ ተጣሟል፤ መሃሉ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። በእስክሪብቶ የተጻፈው የቀልቤሳ ስም ቡናማ ሆኗል። ጫልቱ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

«ያጫውቱት» አለች።

«ትንሽ ልሥራው።»

ጠመንጃ መፍቻዬን አወጣሁ። ቅርፊቱን ከፈትኩ። ሪባኑ ከዳር ያለው ጥቂት ዙር ልቅ ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው ቀልጦ አንድ ላይ ተጣብቋል። በጥፍሬ ለመላጥ ሞከርኩ፤ እየተፈረፈረ ጣቴ ላይ ቀረ። እንደ ምንም ብዬ ወደ ባዶው ቅርፊት አዞርኩት፣ በእርሳስ አጠበቅኩት፣ ስልኬን ለመቅጃ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀመጥኩ። በልቤ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራሁ። ከዚያ ቁልፉን ተጫንኩ።

መጀመሪያ ሽሽሽ አለ። ከዚያ ሙዚቃ ወጣ! ጫልቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ኦርጋን ነው። ያለ ምንም እንከን፣ ጥርት ብሎ። ዞረ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ዞረ።

«ማነው ይሄ?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ።»

«ወንድሜስ?»

«አሁን ይገባል።»

ኦርጋኑ ዞረ። አንድ ጊዜ ደግሞ አጌጠ። ከዚያ ትንፋሽ ሲወስድ ተሰማ፤ ቀልቤሳ ነው፣ ከመዝፈኑ በፊት ሁሌም በአፍንጫው የሚስባት ትንፋሽ። ቴፗ ሲጥጥ አለችና ቆመች። ከፈትኳት። ሪባኑ ከተጣበቀው ጋ ሲደርስ ተበጥሷል።

እስኪመሽ ድረስ ታገልኩ። ቀጠልኩ፣ ላጥኩ፣ አሞቅኩ፣ አቀዘቀዝኩ። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ብቻ ቀረ። ካዳንኩት ውስጥ ያለው አርባ ሰከንድ ኦርጋንና አንድ ትንፋሽ ነው።

ጫልቱ ያን ሁሉ ጊዜ ቆማ አየችኝ። በመጨረሻ፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ እንዲህ አለች፦

«ምነው ጋሼ፣ ቶሎ ቢያስገቡት ኖሮ።»

እሷ አታውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። ስቱዲዮ ውስጥ ቀልቤሳ «መግቢያውን አሳጥርልኝ፤ ሰው ካሴቱን የሚገዛው እኔን ሊሰማ ነው» ብሎኝ ነበር። ተኮራርፈናል በእሱ ነገር። እኔ ወጣት ነበርኩ፤ ስሜ ከካሴቱ ጀርባ በትንሽ ፊደል ስለሚጻፍ ቢያንስ በጆሮ ልታወቅ ብዬ አሻፈረኝ አልኩ። ሁለት ምት የሚበቃውን አርባ ሰከንድ አደረግኩት። ያን ባላደርግ ዛሬ ከተረፈው ሪባን ላይ ቢያንስ ሁለት ስንኝ ድምፁ ይኖር ነበር። እሳቱ የበላው ይብላ፤ እሳቱ ያልበላውን የበላሁት እኔ ነኝ።

ጫልቱ የገባት ቀስ ብሎ ነው። ወደ ምድጃው አየች፣ ወደ ቆጡ አየች። «እሳቱ ነው አይደል?» አለች። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን መታች። «ወይኔ ወንድሜ! ድምፁን እኔ ጠበስኩት! በእጄ! እያመሰገንኩ!» እያለች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ሽማግሌ ነኝ ብዬ አልያዝኩትም።

ሲረጋጋልን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። «እትዬ ጫልቱ፣ እርስዎ ድምፅ አለዎት አሉኝ። የእናታችሁን አንዷን ይዝፈኑለትና በስልኬ ልውሰድለት።» ጉሮሮዋን ጠረገች። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋሁ። አንድ ቃል ወጣ፣ ተሰበረ። ደግማ ሞከረች፣ ተሰበረ። እጇን አወራጨች፤ ተውኩት።

በማግሥቱ ስሸኝ ሁለት ነገር ሰጠችኝ። አንዱ በጠርሙስ ማር ነው፤ «ለጉሮሮው» አለችኝ። በአፉ ምንም እንደማይወርድለት ልነግራት አልቻልኩም። ሁለተኛው ያው የተጣመመው ካሴት ነው፣ በአዲስ ኮባ ተጠቅልሎ።

«እኔ እንዳቃጠልኩት አይወቅ ጋሼ» አለች። «ወንድሜ ይህን ይዞ አይሙት። በእናትዎ።»

«መንገድ ላይ እኔ አበላሸሁት እለዋለሁ። ከመኪናው መስኮት ሥር፣ ፀሐይ ላይ ረሳሁት እላለሁ።»

«ይማሉልኝ።»

ማልኩላት።

መልስ

ሶርን አላየሁም። መቱ አውቶቡስ እስኪነሳ ሦስት ሰዓት ነበረኝ፤ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ዝናቡን አየሁ። የሚጮህ ውሃ ለማየት የሚሆን አንጀት አልነበረኝም። ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ውሸቴን አዘጋጀሁ፤ በየት በኩል እንደ ተቀመጥኩ፣ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደ ነበረች፣ ሐምሌ ውስጥ ፀሐይ ከየት እንዳመጣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል የኖርኩት ተረት መንገዱን ሙሉ በአእምሮዬ ተመላለሰ፤ እኔ ግን የቆጡም የብብቱም አልቀረልኝ።

ይህ ጉዞ ምን አስተማረህ ብትሉኝ፣ ሰው የሚወደውን ሰው ድምፅ ሰውየው እያለ ይስማ፣ ነው የምላችሁ። እህቱ አስቀመጠችለት፣ እኔ ጓደኛው አጀብኩት፤ ሁለታችንም አልሰማነውም።

ቤት የደረስኩት እሑድ ከሰዓት ነው። ቀልቤሳ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከሳምንት በፊት ከተውኩት ከስቷል። ስገባ ዓይኑ ከፊቴ ቀድሞ ወደ ቦርሳዬ ሄደ።

«ቀልቤሳ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» ብዬ ጀመርኩ። ስለ መስኮቱ አወራሁ፣ ስለ ፀሐይዋ አወራሁ። እጁን ዘረጋ። ኮባውን ሰጠሁት። አልፈታውም። ወደ አንገቱ ወሰደው። ቀዳዳዋ ላይ ይዞ አየሩን ሳበ፤ በአንገት ሽታ እንደማይመጣ ገብቶት ወደ አፍንጫው አወጣው፣ አፉን ዘግቶ በጉንጩ እንደ ምንም ወደ ውስጥ ሳበ። ሐኪም ቤት ያስለመዱት ዘዴ ነው። ደጋገመው። ዓይኑን ጨፈነ።

ደብተሩን አነሳ። «ቆጥ» ብሎ ጻፈ።

በዚያ ጭስ ያደገን ሰው በፀሐይ ላታልል ነበር የሄድኩት።

«እሷ እንዳትሰማ፣ አስምላኛለች» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ካሴቱን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደገና ጻፈ። «ምን ተረፈ?»

ስልኬን አወጣሁ። ሌላ ውሸት አልነበረኝም። ከፈትኩለት። ኦርጋኑ ዞረ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ አጌጠ፣ ዞረ። ከዚያ ትንፋሹ መጣ። ሲጥጥ አለና ቆመ።

ቀልቤሳ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅስ መስሎኝ ተነሳሁ። እየሳቀ ነው። ያለ ድምፅ፣ እንባው እየወረደ፣ እየሳቀ ነው። ደብተሩን አዞረልኝ።

«አሳጥረው አላልኩህም?»

ወደ ሳሎን ሄጄ አሮጌውን ኦርጋን ተሸክሜ መጣሁ። አልጋው ሥር ሶኬት አለ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አየኝ፣ አየሁት። ሁለት ምት ብቻ መትቼ አቆምኩለት።

ከንፈሩ ተከፈተ። ገባ። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳይዘል ዘፈነው፤ እኔም አጀብኩት። ከአንገቱ ከሚወጣው አየር በቀር የተሰማ ነገር አልነበረም።